የጉም ማሽኑ ወረቀት

ወንድሜ አቡዘር በመጀመሪያው ጥፊ ግራ ጆሮዬን ነው ያገኘው። ሁለተኛው አፌ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩለትም፤ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ስር ያለውን ዘነዘና ላፍ አድርጌ ቅንድቡን አልኩት። ታናሼ ነው። ኮምቦልቻ ሳለን እናታችን ገበያ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት፣ ንፍጡን በቀሚሴ ጫፍ የጠረግኩለት ልጅ ነው። ያን ቅዳሜ ረፋድ ግን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሚስቱና አማቱ እያዩ፣ ገበያ ውስጥ እንደተያዘ ሌባ ደበደበኝ። ስሜ ጀዋሂር ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ምላሴ ስለት እንዳለው ብሎኩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ እጄም እንደማይሰንፍ ያን ቀን ነው ያወቁት።

የተደበደብኩት በአንዲት ብጫቂ ወረቀት ምክንያት ነው። ስለ ወረቀቷ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ አማል ማውራት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ስለ እሷ ነውና።

አማል የአቡዘርና የሚስቱ የፈውዚያ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ስመለስ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፈውዚያ ሳሪስ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ማለዳ ወጥታ በሁለት ሚኒባስ ስትንገላታ ትሄዳለች፣ ሲመሽ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። አቡዘር ሲኖትራክ ይነዳል፤ ቤት የሚያድርበት ቀን ከማያድርበት ያንሳል። ስለዚህ አማልን የማበላት፣ ገላዋን የማጥብ፣ ጸጉሯን የምሠራት፣ አቅፌያት የምተኛው እኔ ነኝ። "ጃዬ" ነው የምትለኝ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አላህ አልሰጠኝም። በዚህች ዓለም ምን አለሽ ብትሉኝ አማል አለችኝ እላለሁ፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ችግሯ ደረቷ ነው። የኮዬን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ አቧራ፣ ያላለቀው ሕንጻ አቧራ፣ መስኮት ከከፈትክ ምሳህን ከአቧራ ጋር ነው የምትበላው። ከጥቅምት ጀምራ ትስላለች፣ ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም አየቻትና "የምትተኛበት ክፍል አየር በጣም ደርቋል፤ እርጥበት ቢያገኝ ጥሩ ነው" አለችን። ያን ጊዜ ከሪያድ በሻንጣዬ ያመጣሁት ማሽን ትዝ አለኝ። እመቤቴ ልጆቿ ሲያድጉባት ልትጥለው ስትል የወሰድኩት ነው። ሂውሚዲፋየር ይሉታል። ውሃ ይሞላበታል፤ ውሃውን ግን አያፈላውም፣ አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ቀዝቃዛ ጉም ያደርገውና በአፉ ይተፋዋል። ልጅ እጇን ብትከትበት አያቃጥላትም። አማል መጀመሪያ ቀን ጉሙን በእፍኟ ልትይዘው ስትሞክር ሳቋ ጎረቤት ተሰማ። እኛ ቤት ስሙ የጉም ማሽን ሆኖ ቀረ።

ሪያድ እያለሁ የምሞላበት የታሸገ ውሃ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ የሀብታም ቅብጠት ነው የመሰለኝ። እዚህም የመጀመሪያውን ሳምንት ሃይላንድ እየገዛሁ ሞላሁበት። አቡዘር ሲያይ ሳቀብኝ።

"እታለም፣ ለማሽን ሃይላንድ የሚገዛ ሰው የት አየሽ? ቧንቧው ምን ሆነ?"

እውነቱን ነው አልኩና ከቧንቧ መሙላት ጀመርኩ። የኛ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል፤ በየወሩ በሎሚ እየፈተግን ነው የምናስለቅቀው። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ አላሰብኩትም። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ነው የሚያምረኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አማል ክፍል ውስጥ ነጭ ዱቄት መታየት ጀመረ። የቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ፣ ቡኒው ብርድ ልብስ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ። የሕንጻ አቧራ መስሎኝ ጠረግኩት። በማግስቱ ተመልሶ ተኝቷል። ሳሎን ውስጥ የለም፣ ወጥ ቤት የለም፣ እዚያች ክፍል ብቻ። አንድ ጠዋት አማልን ስቀሰቅሳት ቅንድቧ ላይ አየሁት። ሳሏም ብሶባት ነበር። ፈራሁ። ለሐኪሟ ላሳያት ብዬ መስታወቱ ላይ ያለውን በቢላ ጀርባ እየፋቅኩ አጠራቀምኩ፤ ከማሽኑ ካርቶን ውስጥ ካገኘሁት ወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ ቀድጄ ጠቀለልኩት። አማል እንዳታገኘው ፍራሼ ስር ከተትኩት። ዓርብ ማታ ነበር፤ ሐኪሟ የምትገባው ሰኞ ነው።

የፈውዚያ እናት እማማ ሩቅያ ከሐይቅ መጥተው ከኛ ጋር ወር ሆኗቸው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ይሄን የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር የምላችሁ። መካን ሴት የሰው ልጅ አቅፋ መተኛቷ አልዋጥ ብሏቸው እንደነበር ዓይናቸው ይነግረኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፍራሾቹን ጸሐይ ላስመታ ብለው ሲያነሱ ወረቀቷን አገኟት።

ዘረጓት። ጽሑፉ በሙሉ አረብኛ ነው። ከስሩ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ ሰንጠረዥ አለ፣ በየሳጥኑ ቁጥር ተቀምጦበታል። መሐሉ ላይ ነጭ ዱቄት። እኛ አገር ሲህር፣ ማለትም ድግምት፣ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን ሠርቶ ቁጥር እንደሚሞላበት ከልጅነቱ ያልሰማ የለም። እኔ አረብኛን እሳደብበታለሁ እንጂ አላነበውም፤ የማሽኑ ወረቀት መሆኑን እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

አቡዘር ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ነው የገባው። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል፣ ጫቱ ከጉንጩ አልወጣም። ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ እማማ ሩቅያ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት።

"ይኸውልህ የልጅህ በሽታ" አሉት። "ከእህትህ ፍራሽ ስር ነው ያወጣሁት።"

"ምንድነው ይሄ?" አለኝ።

"የማሽኑ ወረቀት ነው። ዱቄቱ አማል ክፍል እየወረደ ያስቸገረን ነገር ነው። ለሐኪሟ ላሳያት ነው ያስቀመጥኩት።"

"ለሐኪም የሚያሳይ ሰው ፍራሽ ስር ይደብቃል?" አለች ፈውዚያ።

"ልጅቷ እንዳትነካው ነዋ!"

"ማሽን ሳጥን ሠርቶ ቁጥር ይጽፋል?" እማማ ሩቅያ ወረቀቷን ላለመንካት ጣታቸውን ከሩቅ ቀሰሩባት። "ዘንድሮ በማተሚያ የታተመ ሲህርም አለ አሉ። አረብ አገር ምን የሌለ አለ!"

"አብዳችኋል እንዴ እናንተ ሰዎች? አቡዘር፣ አንተ ቁርአን ቀርተሃል፣ አንብበው እንጂ!"

ጎንበስ ብሎ አየው። ፊደሉን ይቆጥረዋል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቁጥሮቹ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ በዕድሜዬ ሙሉ ጠላት እንኳን ያልተናገረኝን ተናገረኝ።

"የራስሽን አላህ ስለነሳሽ የኔን ልትበያት ነው?"

ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ጥፊው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዘነዘናው ቅንድቡን ከፈተው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ አጓራ። ክንዴን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። አውራ ጣቱን አግኝቼ ነከስኩት፣ አጥንቱ ጥርሴ ላይ እስኪሰማኝ ነከስኩት። በጸጉሬ ይዞ ወለሉ ላይ ጎተተኝ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ስብርባሪው ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ልነሳ ስል ጫማው ጎኔን አገኘው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እጄን መሬት አስደግፌ ቀና ስል በእግሩ ክንዴ ላይ ቆመበት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። የጮኸው ሰው ግን እኔ አልነበርኩም፣ ፈውዚያ ናት። "ይበቃል! ይበቃል አቡዘር!" ትላለች፤ ከመሐላችን ግን አልገባችም።

አማልን መኝታ ክፍል ቆልፈውባት ነበር። በሩን በትንንሽ ቡጢዋ ትደልቃለች፣ "ጃዬ! ጃዬ!" ትላለች፣ ሳሉ ያፍናታል፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ትደልቃለች። ከሚረግጠኝ ጫማ ይልቅ ያ ዝምታ ነበር የሚገድለኝ።

ማሽኑን ለማጠብ ወጥ ቤት አውጥቼው ነበር። አቡዘር ዓይኑ አረፈበትና በሁለት እጁ አንስቶ በረንዳው ላይ ወጣ። ወረወረው። ከታች ሲከሰከስ የጥበቃው ጩኸት ተሰማ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ግማሹ ደም፣ ግማሹ ላብ ነው፤ እግሩን ሲያነሳ እንደገና ሊረግጠኝ እንደሆነ አውቄ ራሴን በደህናው እጄ ሸፈንኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ሳያንኳኩ ነው የገቡት። የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቁመታቸው ትከሻዬ የማይደርስ ሴት ናቸው። የበራቸውን ብረት መወርወሪያ ይዘው ነው የመጡት።

"አንተ! እግርህን አንድ ጊዜ ብታነሳ፣ ሚካኤልን፣ አናትህን ነው የምልህ!"

እግሩ ወለሉ ላይ ተመለሰ። ቁና ቁና እየተነፈሰ አየኝ።

"ከቤቴ ውጪ" አለኝ። "አማል አጠገብ ዳግመኛ ባገኝሽ ወላሂ እገድልሻለሁ።"

"ግደለኝ" አልኩት አፌ ውስጥ የሞላውን ደም እየተፋሁ። "መጀመሪያ ግን ውሃ ስጣት። ሳሉ እያፈናት ነው፣ አትሰማም?"

እትዬ ወርቅነሽ በብብቴ ገብተው ደረጃውን አወረዱኝ። ጤና ጣቢያ ክንዴን ጀሶ አሰሩልኝ፣ ጀርባዬን ሰፉኝ፣ ከጥርሶቼ የተነቀነቀውን አወጡት። አንድ ፖሊስ መጥቶ ማን እንደመታኝ ጠየቀኝ። ከደረጃ ወደቅኩ አልኩት። ፖሊሱ ፊቴንም አየ፣ ክንዴንም አየ፣ "ስንት ጊዜ ነው የወደቅሽው?" አለኝ። ለአቡዘር አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ልቤ ውስጥ ያን ቀን ቢለዋ ነበር የሚዞረው። ግን እሱ ቂሊንጦ ቢወርድ አማልን ማን ያሳክማታል? ቂሊንጦ እስር ቤትም አለው፣ ፋብሪካም አለው። እሱን ለመጀመሪያው አልሰጠሁትም፤ ጀሶዬ ሲፈታ እኔ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። በአራተኛው ሳምንት፣ ክንዴ ገና በጀሶ እንደታሰረ፣ አማል የምትማርበት ኬጂ ፊት ለፊት ካለ የጀበና ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ልነካት አይደለም፤ እየሳለች እንደሆነ ከሩቅ ለማየት ነበር። በሩ ሳይከፈት የፈውዚያ ወንድም ሙንታሲር አየኝ። እሱ ነበር እንዲያመላልሳት የተደረገው።

"አንቺ ጠንቋይ! አሁንም አልበቃሽም?"

ድንጋይ አነሳ። የመጀመሪያው ትከሻዬን አገኘው፣ ሁለተኛው ከኋላዬ ያለውን ቆርቆሮ አስጮኸው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሮጬ ደረስኩበትና በጀሶው አፍንጫውን መታሁት። ጀሶው ተሰነጠቀ፤ አፍንጫውም የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ሰው ገላገለን። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና "ይቺ ናት እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ሰፈር በሙሉ ሰምቷል ማለት ነው። አማልን ሳላያት ተመለስኩ። ያን ዕለት ቱሉ ዲምቱ በተከራየሁት ክፍል ግድግዳውን በደህናው እጄ እስኪደማ ድረስ ደበደብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን አጥፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አጥፋለሁ፣ ባጠፍኩት ቁጥር የአቡዘርን ፊት አስቀምጥበታለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይፈሩኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ሁለት ወር ተኩል ሞላ።

ከዚያ አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ ልንገባ ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ከስቷል። ቅንድቡ ላይ የኔ ምልክት አለ። እጁ ውስጥ ያቺ ወረቀት ናት።

"እታለም" አለኝ።

የምሳ ዕቃዬ የብረት ነው። ከቦርሳዬ አወጣሁትና በሙሉ ክንዴ ጉንጩ ላይ አሳረፍኩት። ተንገዳገደ እንጂ እጁን አላነሳም። ደገምኩት። ከንፈሩ ፈነዳ። ጥበቃዎቹ ሮጠው ሲመጡ መዳፉን ዘርግቶ አቆማቸው።

"ተዉዋት። እህቴ ናት፣ ተዉዋት።"

"እህት አለህ እንዴ አንተ?" አልኩትና ሦስተኛውን ጆሮው ላይ አወረድኩለት። ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። አራተኛውን መታሁት፣ አምስተኛውን መታሁት። መሬት ተቀመጠ። ስድስተኛውን ላወርድ ስል ወረቀቷን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ።

"ሼህ ሀይረዲን አነበቡት" አለ። "ስሚኝና ከዚያ ግደይኝ።"

ወረቀቷን ሊያቃጥላት ፈርቶ ነበር፤ አረብኛ ስለሆነ የአላህ ስም ቢኖርባትስ ብሎ። ሊጥላትም ፈራ። ሲኖትራኩ ውስጥ አስቀምጧት ስንት ጊዜ ኮምቦልቻ ተመላለሰባት። በመጨረሻ ሲህሩን እንዲፈቱለት የሰፈሩ መስጊድ ወዳሉት ሼህ ሀይረዲን ወሰዳት። ሼሁ ሱዳን ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቧት፣ አገላብጠው አነበቧት፣ ከዚያ የሚለውን በአማርኛ ጀርባዋ ላይ ጻፉለት። አቡዘር መሬት ተቀምጦ ደሙን በክንዱ እየጠረገ አነበበልኝ።

"በማሽኑ ውስጥ የተጣራ ውሃ ብቻ ይሙሉ። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከተጠቀሙ በውሃው ውስጥ ያለው ጨው ከጉሙ ጋር ወጥቶ በክፍሉ ውስጥ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይወርዳል። ይህም የመተንፈስ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ተስማሚ አይደለም።"

"ቁጥሮቹስ?" አልኩት።

"የማሽኑ ክብደት። የሚይዘው ውሃ። የመብራቱ ኃይል።" ወረቀቷን ጠቀለላት። "ሼሁ፣ የወረቀቷን ባለቤት ምን አደረጋችኋት ብለው ጠየቁኝ። ሃይላንዱን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ እታለም። በኔ ነው የመጣው።"

የምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። ይቅር ብዬው አይደለም። ብናኙ ለሕፃናት አይሆንም የሚለው ነው እጄን ያዛለው። ሲህር አልነበረም፤ ግን ዱቄቱ እውነት ነበር፣ አማልንም ያስሳላት ነበር፣ ማታ ማታ ማሽኑን የምሞላው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እነሱ በሐሰት ከሰሱኝ፣ እኔ ሳላውቅ አደረግኩት። የቱ እንደሚከፋ እስካሁን አልገባኝም። አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንዴት ናት?" አልኩት።

"ሳሉ ለቋታል። ማሽኑ ከተወረወረ በኋላ እየቀነሰ መጣ። እኛ ደግሞ አንቺ በመሄድሽ ነው አልን።" ዓይኔን ማየት አልቻለም። "ነይ እንሂድ። እማማም ፈውዚያም እየጠበቁሽ ነው።"

ሂጂ ሂጂ የሚለኝን ልቤን አልቻልኩትም። ሲኖትራኩ ላይ ተሳፈርኩ። ቱሉ ዲምቱ ላይ አስቆሜው ሙዝ ገዛሁ፤ አማል ትንንሹን ሙዝ ነው የምትወደው። እኔ በልቤ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ሩቅ አገር ሄጄ ነበር ልበላት ወይስ አሞኝ ነበር ልበላት እያልኩ። ስታቅፈኝ የተሰበረው ክንዴ ላይ እንዳታርፍ በግራ እንደምይዛት ሁሉ አስቤያለሁ።

አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ እማማ ሩቅያ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቆመዋል።

"አውፍ በይኝ ልጄ። ለአላህ ብለሽ ይቅር በይኝ።"

ልሰድባቸው ነበር የመጣሁት። ስድቡን ደረጃ በደረጃ አሰናድቼው ነበር። ሳያቸው ግን አንጀቴ አልቻለም፤ ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ አነሳሁላቸው።

"ይተዉ እማማ። ብቻ አማልን አሳዩኝ" አልኳቸው።

አማል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በቀለም እርሳስ ትሞነጫጭራለች። ረዝማለች። ጉንጯ ሞልቷል። ደረቷ ዝም ብሏል፤ ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

"አማልዬ" አልኳት።

ቀና አለች። አየችኝ። እርሳሱን ጣለችና በሁለት እጇ አፍንጫና አፏን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። "ጃዬ ነኝ እኮ። ሙዝ አመጣሁልሽ።" አንድ እርምጃ ስጠጋ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ዓይኗ ፈጥጦ እኔ ላይ ነው። እጇን አላወረደችም። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

"ምን ሆና ነው?" አልኩ።

ፈውዚያ ናት የመለሰችልኝ፣ መሬት መሬት እያየች። "ተደብቀሽ መጥተሽ እንዳትወስጃት ፈርተን... ጃዬ ስትመጣ ዱቄት ይዛ ነው፣ እሷ ባለችበት ከተነፈስሽ ትሞቻለሽ ብለናት ነበር። እጇን እንዲህ አድርጋ እንድትይዝ እማዬ እያለማመደቻት... ያን ጊዜ እኮ አምነን ነው ጀዋሂር።"

"ንገሯታ! ውሸት ነው በሏት!"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹባት። እማማ ሩቅያ "ውሸት ነው የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ" እያሉ አልጋው ስር ተንበረከኩ። ፈውዚያ "ተንፍሺ አማል፣ እማዬ ነኝ ተንፍሺ" ትላለች። አቡዘር አልጋው ላይ ወጥቶ እጇን ከአፏ ሊያላቅቅ ታገለ፤ በእግሯ ረገጠችው፣ ቧጠጠችው፣ ጣቶቿን አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ትመልሳለች። ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ ለሕይወቷ ነበር የምትታገለው። ከንፈሯ በጣቶቿ መሐል ሲጠቁር አየሁ። እንባዋ እጇ ላይ ይፈሳል። ከጠቅላላው ሰው አንድ እኔን ብቻ ነው የምታየው።

"ልቀቃት" አልኩት አቡዘርን።

"ትለምድሻለች፣ ትንሽ ብቻ..."

"ልቀቃት አልኩህ! ትሞታለች!"

ሙዙን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ጀርባዬን ሳልሰጣት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ። መኝታ ክፍሉን ወጣሁ፣ ሳሎኑን ወጣሁ፣ የውጭውን በር ከኋላዬ ዘጋሁት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ አየሩን ስትስበው ሰማሁ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ለቅሶ።

ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። አቡዘር በሩን ከፍቶ "እታለም! እታለም!" እያለ ይጣራል። አልመለስኩለትም። ድምፄን ከሰማች እንደገና ትንፋሿን ትይዛለች ብዬ ፈራሁ።